ሸሪፏ ያመነታችባት አራት ዶላር

ስሜ ሎሪን ፒኬት ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራኝ ግን የጥርስ ሐኪሜ ብቻ ነው። በከተማችን በጋርዲና፣ በተለይ ካርታ ቤቱ ውስጥ ጠዋት ጠዋት በሚጫወቱ ጡረተኞች ዘንድ፣ ሸሪፏ ነኝ። ስሙን ያወጣችልኝ ዊኒ ናት። ዊኒ ሠላሳ ዓመት ለትምህርት ቤት ልጆች ምሳ ስታበስል ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ካርታ ይዛም ክር መሥራቷን የማታቆም፣ ምላሷ ከኪሮሿ የሰላ ሴት ናት።

ደረቱ ላይ ኮከብ እንደሚያደርግ የከተማ ሕግ አስከባሪ ሸሪፍ ያለችኝ፣ ሰው ባዶ እጁን፣ የማይረባ ካርታ ይዞ፣ ሲያስፈራራኝ ስለማልወድ ነው። አንዱ ብድግ ብሎ አራት ዶላር ሲያስይዝ፣ ሌላው ሰው ካርታውን ጥሎ ያልፋል። እኔ አላልፍም። "እስቲ አሳየኝ" እላለሁ፤ አራት ዶላሬን እገፋለሁ፤ አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማየው ቆሽት የሚያሳርር ነገር ነው። ቢሆንም አይቼ ልረር እንጂ ሳላይ ብሄድ እህል አይወርድልኝም። ሟቹ ባሌ ጠባዬን ስለሚያውቅ የገና ስጦታዬን የሚደብቀው ጎረቤት ቤት ነበር።

ጨዋታችን ልክ ያለው ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ሰው በቅድሚያ ሃምሳ ሳንቲም መሃል ያስቀምጣል፣ ከዚያ አምስት ካርታ ይታደለዋል። ያልወደድከውን ትቀይራለህ። ከመቀየሩ በፊት ማስያዝ የሚቻለው ሁለት ዶላር ነው፣ ከተቀየረ በኋላ አራት። ልቤ ሞልቷል፣ መቶ ላስይዝ ብትል ማንም አይሰማህም። ስለዚህ እኛ ዘንድ በአንድ እጅ ቤቱን የተነጠቀ ሰው የለም፤ እኛ የምንከስረው ቀስ ብለን፣ ለዓመታት፣ ከወገባችን ሥር ትራስ አድርገን ነው። ሌላው ደንብ ደግሞ ይኸው ነው፤ ለማየት መክፈል አለብህ። ሳትከፍል ካለፍክ ሰውዬው ምን ይዞ እንደነበር አታውቅም። ካርታውን ገልብጦ ከሌላው ጋር ይቀላቅለዋል፣ በዚያው ቀረ። እኔን የሚገድለኝ ይኼ በዚያው መቅረቱ ነው።

ታድ ኦኩራ በዚህ ሁሉ የእኔ ተቃራኒ ነው። አበባ አብቃይ ነበር። መስታወት ለበስ የአበባ ቤቶቹን አፓርታማ ለሚሠሩ ሰዎች ሸጦ፣ ሚስቱን ቀብሮ፣ አንዲት ልጁን ኤለንን ሩቅ ከተማ ፍሬዝኖ ድሮ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከእኔ ጋር አንድ ገበታ መቀመጥ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ባዶ እጁን አስፈራርቶ አያውቅም። ዊኒ ዲያቆኑ ትለዋለች። ሰውዬው ቡድሂስት ነው፣ እሷ ግን ለእንዲህ ዓይነት ዝርዝር ጊዜ የላትም። ዲያቆኑ ካስያዘ ገበታው ላይ ያለው ሁሉ ካርታውን ይጥላል። የማልጥል እኔ ብቻ ነኝ። እሱ ካርታውን ይዘረጋል፣ "ይቅርታ፣ ሎሪን" ይላል፣ በገንዘብ ፈንታ የምንጫወትባቸውን ጠጠሮቼን ይሰበስባል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አራት አራት ዶላር እየከፈልኩ ታድ ኦኩራ እውነተኛ ሰው መሆኑን አረጋግጫለሁ። ዊኒ እንደምትለው በዚህ ገንዘብ አንድ ደህና መኪና ይገዛ ነበር።

ከጨዋታው በፊት እዚያው ካርታ ቤቱ ውስጥ ባለችው ምግብ ቤት ቁርስ እንበላለን። እኔ እንቁላልና ዳቦ፣ እሱ እንቁላል በሩዝ። ማን እንደጀመረው አላስታውስም፣ ተቃጥረንም አናውቅም። ስመጣ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፣ ወይም ሲመጣ ተቀምጬ ያገኘኛል። ከጓሮው የቆረጠውን መንደሪን ከኪሱ ያወጣል፣ ልጦ ግማሹን ሳይጠይቀኝ ፊቴ ያስቀምጣል። እኔም ሳላመሰግን እበላለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነገራችን ይኼው ነበር። ሰው ታድ ምንሽ ነው ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ወንበር ተጋሪዬ ነው እል ነበር።

እንግዲህ ያቺ ሐሙስ፣ ያ ለቤንዚን ስንሰለፍ የከረምንበት ዓመት፣ የካቲት ላይ ነው። ታድ መንደሪኑን ልጦ ግማሹን አስቀመጠልኝና ቅዳሜ ፍሬዝኖ እንደሚሄድ ነገረኝ። ለጥየቃ መስሎኝ ለዚያ መንገድ የሚበቃ ቤንዚን የት አግኝተህ ብዬ ቀለድኩበት።

"ጠቅልዬ ነው የምሄደው" አለኝ። "ኤለን ክፍል አዘጋጅታልኛለች። ቀለም ሁሉ ቀብታዋለች።" ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መወልወል ጀመረ። "ደስ ብሎኛል" አለ ቀና ሳይል።

እኔ ደግሞ ምን አልኩ መሰላችሁ? እኔ፣ የሰው ካርታ ሳላይ እህል የማይወርድልኝ ሴትዮ፣ "እሰይ፣ ጎሽ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ" አልኩት። ጨምሬም አሁን ገና ገንዘቤ ኪሴ ሊቀመጥ ነው ብዬ ሳቅኩ። እሱም ትንሽ ሳቀ። መንደሪኑን ጎረስኩት።

ልናገር እንጂ፣ አፍሬ ልደብቅ አይደለም፤ ሆዴ ባባ። ያን ቀን፣ እንቁላሌ ሲቀዘቅዝ ነው ያወቅኩት። ማክሰኞና ሐሙስ የምነሳው ለካርታው አልነበረም። ካርታውንማ ሌላም ቤት እጫወተው ነበር። ግን በምን ሥልጣኔ ነው አትሂድ የምለው? የስድሳ አምስት ዓመት ባልቴት ነኝ። ሰውዬው ልጁ ጋ ሊጦር ነው፣ ደስ ብሎኛል ብሏል፣ ዲያቆኑ ደግሞ አይዋሽም። አትሂድ ብለው፣ እሱም በዚያ ጨዋ አፉ "ይቅርታ፣ ሎሪን" ቢለኝ፣ ከዚያ በኋላ ጋርዲና ውስጥ ፊቴን የት አደርገዋለሁ? ስለዚህ ሒሳቤን ከፍዬ፣ ትራሴን በብብቴ ይዤ ወደ ገበታው ሄድኩ።

ገበታው ላይ ስምንት ነን። ዊኒ በእኔና በታድ መሃል ትቀመጣለች፣ ያን ቀን ለልጅ ልጇ ቢጫ ካልሲ እየሠራች ነበር። ታድ ቅዳሜ እንደሚሄድ፣ ክፍሉም ቀለም እንደተቀባለት ለሁሉም ነገራቸው። የገበታው ሰው ሁሉ አዘነ፣ ዊኒም እንዳቅሟ አዘነች፤ ከዛሬ ጀምሮ ሸሪፏን ማን ያበላታል አለች፣ ይቅርታ የለመደች ሴት ሳትሰማው ስትውል ልትታመም ትችላለች አለች። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ካርታ አድይ አልኳት።

ሁለት ሰዓት ያህል ተጫወትን። ምን እንደያዝኩ፣ ምን እንደጣልኩ አላስታውስም። ወደ አምስት ሰዓት ግድም ነው፣ ዊኒ አድላ ካርታዬን ሳነሳ ሁለት ንጉሥ፣ ሁለት አራት፣ አንድ ዘጠኝ። ሁለት ጥንድ ነው፣ ክፉ አይደለም። ሁለት ዶላር አስይዤ ከፈትኩ። አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ተከተለኝ። ታድ ሁለት ዶላር ጨመረ፣ አራት ሆነ። እኔ ተከተልኩ። ሾፌሩ ዲያቆኑ ሲጨምር የቤተ ክርስቲያን ደወል የተደወለ ያህል ነውና ካርታውን ጥሎ ቡናውን አነሳ። ቀረን እኔና ታድ።

ለመቀየር ተራው የእኔ ነው። ዘጠኟን ጥዬ አንድ ጠየቅኩ። ዊኒ ሰጠችኝ። ሦስት ናት፣ ለምንም አትሆንም። ዊኒ ወደ ታድ ዞራ ስንት አለችው።

"በቃኝ" አለ ታድ።

በቃኝ ማለት አንዲትም አልቀይርም፣ አምስቱም እንደተሰጡኝ ይሁኑልኝ ማለት ነው። እንዲህ የሚል ሰው የያዘው እጅ፣ እውነቱን ከሆነ፣ የእኔን ሁለት ጥንድ አጥፎ ኪሱ የሚከት ነው። እኔ አላስያዝኩም፣ ወደ እሱ አሳለፍኩለት። ታድ ኦኩራ አራት ዶላር ቆጥሮ ወደ መሃል ገፋ። ከዚያም መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መወልወል ጀመረ።

ካርታዬን ገበታው ላይ ደፍቼ አየሁት።

እኔ ሰውን የማይበት ዘዴ አለኝ። ሾፌሩ ባዶ ሲሆን ጠጠሮቹን ይደረድራል፣ ዊኒ ባዶ ስትሆን ኪሮሿ ይፈጥናል። የታድን ግን አላውቅም፤ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ሲዋሽ ምን እንደሚያደርግ ከየት አውቃለሁ? የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ገበታው ላይ መነጽሩን ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን ብቻ ሁለቴ አወለቀ። አንዴ አሁን፣ አራት ዶላሩን ገፍቶ። አንዴ ጠዋት፣ ደስ ብሎኛል ብሎ።

አያችሁ ነገሩን? አሁን ባዶ ከሆነ፣ መነጽር መወልወሉ የመዋሸቱ ምልክት ነው። እንዲያ ከሆነ ጠዋትም ዋሽቶኛል፤ ፍሬዝኖ መሄዱ ደስ አላለውም፣ ቀለሙም ክፍሉም አላማረውም። አሁን እጁ ሙሉ ከሆነ ግን መነጽሩ አቧራ ነክቶት ነው፤ ጠዋትም የነገረኝ እውነቱን ነው፣ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ እኔም ዘጠኝ ዓመት የሰው መንደሪን ስበላ የኖርኩ አሮጊት ነኝ። በቁርስ ገበታ አፍ አውጥቼ ያልጠየቅኩትን በአራት ዶላር ልጠይቀው እችላለሁ ማለት ነው።

እጄ ወደ ጠጠሮቹ ሄደ። እዚያው ላያቸው ላይ ቀረ።

በሒሳቡ እንኳ ብንሄድ መጣል ነበረብኝ። መሃል ላይ አሥራ ስምንት ዶላር አለ፣ ለማየት አራት እከፍላለሁ። ሰውዬው ከአምስት ስድስት ጊዜ አንዴ የሚያስፈራራ ቢሆን ማየቱ ያዋጣ ነበር። ታድ ግን በዘጠኝ ዓመት አንዴም አላደረገውም። ሒሳብ የሚችል ሰው ይጥላል። እኔ ደግሞ ሒሳብ አስልቼ አላውቅም፣ ያን ቀን ማስላቴ ራሱ ምን ያህል እንደፈራሁ ይንገራችሁ። ካርታዬን ብጥል አላውቅም። ባላውቅ ደግሞ ቢያንስ ቅዳሜ ሲሄድ "ምናልባት ከፍቶት ይሆናል" እያልኩ ቤቴ እቀመጣለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያው መቅረት የሚባለው ነገር ጥሩ ሆኖ ታየኝ።

"ሸሪፏ" አለች ዊኒ፣ "ኮከብሽን ቤት ረስተሽው መጣሽ እንዴ?"

ሾፌሩ የተኛሁ መስሎት እንደነበር ተናገረ። ከወዲያ ጫፍ አንዷ ሸሪፏ ጡረታ ከወጣች ከተማው ለሌባ ቀረ አለች። አስተናባሪያችን ሚስተር ፖልሰን፣ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሸሚዝ የሚለብስ ትሁት ሰው፣ ጨዋታው ለምን እንደቆመ ለማየት ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ያመመኝ መስሎት ውሃ ይምጣልዎ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሎሪን ፒኬት ለማየት ስታመነታ ያየ ሰው ሐኪም ቢጠራ አይፈረድበትም።

ታድን አየሁት። መነጽሩን አድርጎ ነበር። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ጠጠሮቼ ያያል፣ ጆሮው ቀላ ብሏል። ጆሮው የቀላው አዝኖልኝም ሊሆን ይችላል፣ እሱ እኮ ሰው ሲያሸንፍ የሚያዝን ሰው ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ካርታዬን አንስቼ ልጥል ነበር። እጄ ከጠጠሮቹ ላይ ተነስቶ ካርታዬን ይዞ ነበር። ያን ጊዜ ነው ዊኒ፣ ካልሲዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ መቀለድም እንደ መቆጣትም እያለች "ሎሪን፣ ቅዳሜ ይሄዳል እኮ" ያለችኝ።

ሸሪፏ አላለችኝም። ሎሪን አለችኝ።

ካርታዬን መልሼ አስቀመጥኩ፣ አራት ዶላር ቆጠርኩ፣ ገፋሁ። "እስቲ አሳየኝ፣ ታድ" አልኩት።

ታድ ካርታዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠ። ንግሥት። ዘጠኝ። ሰባት። አምስት። ሁለት። ቀለማቸውም የማይገናኝ፣ ጥንድ እንኳ የሌለው፣ ልጅ የበተነው የሚመስል እጅ።

የገበታው ሰው ወደ ካርታዎቹ ጎነበሰ። ከዚያ ሁሉም አንዴ ጮኸ። ሾፌሩ እጁን ራሱ ላይ ጫነ፣ ዲያቆኑ ባዶውን፣ ዲያቆኑ ባዶውን እያለ ለሚቀጥለው ገበታ ሁሉ አወራ። ከሌላ ገበታ ሰዎች ትራሳቸውን ይዘው ሊያዩ መጡ። ዘጠኝ ዓመት ታድ ሲያስይዝ ካርታቸውን ሲጥሉ የኖሩት ሁሉ ስንት ደህና እጅ እንደጣሉ በድንገት ማስላት ጀመሩ።

ዊኒ ግን አልጮኸችም። ታድን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "ቆይ፣ ቆይ" አለች። "ባዶህን ማስፈራራት ካማረህ ለምን እኔን አታስፈራራም? እኔ እጥልልህ ነበር። ይሄ ሁሉ ሰው ይጥልልህ ነበር። ምን ዓይነት ጅል ነው ሸሪፏን የሚያስፈራራ? ይቺ ሴትዮ ለማየት ጣሪያዋን ትሸጣለች።"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ቀስ ብሎ ነው የገባኝ፣ እድሜዬ ነው። ታድ ጅል አይደለም። ገበታው ላይ አራት ዶላር ተገፍቶባት ሳታይ የማታልፍ አንዲት ሴት እንዳለች ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ጠጠሮቿን ሲሰበስብ የኖረው እሱ ነው።

"እንደማይህ ታውቅ ነበር" አልኩት።

"አዎ" አለ።

"ታዲያ?"

ታድ ጠጠሮቹን ወደ እኔ ገፋቸው። አሥራ ስምንቱንም የእኔን አራቱንም። ድምፁ ሁልጊዜም ዝቅ ያለ ነው፣ ያን ጊዜ ግን ዊኒ እንኳ ለመስማት አንገቷን ሰገግ አደረገች።

"ጠዋት አላየሽኝማ" አለኝ።

እውነቱን ነው። ጠዋት ደስ ብሎኛል ሲለኝ፣ ሰውዬው ዘጠኝ ዓመት ያልዋሸውን ውሸት ፊቴ ቁጭ አድርጎ መነጽሩን ሲወለውል፣ እኔ ሸሪፏ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ብዬ አለፍኩት። ካርታዬን ጣልኩበት። ስለዚህ እዚህ ገበታ ላይ፣ ሳላይ እንደማላልፍ በሚያውቅበት ቦታ፣ እንደገና አስያዘ። አንጀቴን በላው። ደግሞም ተናደድኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለሚናገር ሰው አፍ የሚባል ነገር አልተሰጠውም?

"አትሂድ" አልኩት። ስምንት ሰው ፊት፣ ሚስተር ፖልሰን ከኋላዬ ቆሞ።

"እሺ" አለ።

ይኼው ነው። ዊኒ ካልሲዋን አንስታ አፍንጫዋን ጠረገችበት፣ ኋላ የልጅ ልጇ እግር እንደሚገባበት አስባ በእኔ አመካኘች። ሾፌሩ ፍሬዝኖ ለዚያ ሁሉ ቀለም ማን ሊከፍል ነው ብሎ ጠየቀ። እኔ ጠጠሮቼን መደርደር ጀመርኩ።

ሚስተር ፖልሰን ጉሮሮውን ጠረገ። ሰውዬው ደንብ የሚወድ ሰው ነው፣ በዚያ ሰዓትም ደንቡን አልረሳም። "ይቅርታ፣ ወይዘሮ ፒኬት፣ ሚስተር ኦኩራ" አለ፣ "ለነገሩ አስቤ ነው እንጂ ማስቸኮሌ አይደለም። ግን ባልና ሚስት አንድ ገበታ ላይ ማስቀመጥ አንችልም። ለሌላው ተጫዋች ትክክል አይሆንም።"

ባልና ሚስት ማን አለ ብዬ ተቆጣሁ። ሰው ሁሉ ወደ ታድ ዞረ።

"እኔ እንኳ አላሰብኩም" አለ ታድ። ከዚያም መነጽሩን አወለቀ።

ገበታው ሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ታድ የሳቁበትን ሊረዳ ወዲያና ወዲህ አየ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እንደያዘ። እኔ አልነገርኩትም፣ ዊኒም እንዳትነግረው ዓይኔን አፈጠጥኩባት። ዓለም ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ የሚያስፈልገኝን አንድ ነገር አግኝቼ በሰው አፍ ላጠፋው ነው?

ሚያዝያ ላይ ተጋባን። ኤለን መጣች፤ እንደፈራሁት አልተቆጣችም፣ አባቷ ስልክ ላይ "ደስ ብሎኛል" ሲላት እሷም አላመነችውም ነበር፣ መነጽሩን ግን በስልክ ማየት አልቻለችም። ቀለም የተቀባው ክፍል ለምስጋና በዓል ስንሄድ የምናድርበት ሆነ። ቀለሙ በእውነት አያምርም።

የቤቱ ደንብ ግን ደንብ ነው። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ቁርሳችንን አንድ ላይ በልተን፣ መንደሪናችንን ተካፍለን፣ እኔ ወደ ስምንተኛው ገበታ፣ እሱ ወደ ሦስተኛው እንሄዳለን። ዊኒ እሱን ተከትላ ሄደች፣ ከሃዲ። ዲያቆኑ ወደ ዲቁናው ተመልሷል፣ ከዚያች ቀን በኋላ አንድም ጊዜ ባዶውን አላስፈራራም ትላለች። እኔ ከሩቅ ጭንቅላቱን ብቻ ነው የማየው። ከእንግዲህ አንድ ገበታ ላይ ቁጭ ብለን፣ አራት ዶላር ገፍቼ፣ እስቲ አሳየኝ ልለው አልችልም። አንዳንዴ ይቆጨኛል፣ አልዋሽም። በስምንተኛው ገበታ ያሉት ሰዎች ሲያሸንፉኝ ይቅርታ እንኳ አይሉም።

ባለፈው እሑድ ለምሳ የተፈጨ ሥጋ በምድጃ ጋገርኩ። እናቴ ከኦክላሆማ ያመጣችው አሠራር ነው፤ እኔ እጅ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ይጎድለዋል፣ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሟቹ ባሌም ነግሮኝ አያውቅም። ታድ አንድ ቁራጭ በላ፣ ውሃ ጠጣ፣ ሌላ ጎረሰ።

"ጣፋጭ ነው" አለኝ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መወልወል ጀመረ።

እስቲ አሳየኝ ልለው ከአፌ ደርሶ ነበር። መለስኩት። ሳህኑን ተቀበልኩትና አንድ ቁራጭ ጨመርኩለት።